መርዶዬ ሠርግ ቤት አደረ

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ግማሹ ላይ ሳልደርስ «አይ፣ እሱማ ባህላችን ነው» ይሉኛል። ባህላችን መሆኑን ማን አጣው? አንኮበር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከእናንተ አልማርም። ስለዚህ ዛሬ እባካችሁ ሳታቋርጡኝ ስሙኝ።

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበርኩ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ አቧራ እውጣለሁ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አትጠይቁት። እናቴ አንኮበር ብቻዋን ነበረች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። አስም አለባት። ያ አፋፍ ላይ ያለው ቤታችን በክረምት ጉሙ በበር ገብቶ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል ማለት ይቻላል። ደብረ ብርሃንስ መቼ ይሞቃል ትሉኝ ይሆናል፤ አይሞቅም፣ ግን ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ ላመጣት ቆርጬ ነበር። ለዚህ የማታ ሥራ ያስፈልገኝ ነበር።

የማታ ሥራ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያላንኳኳሁት በር የለም። ካፌ ሄድኩ፤ ባለቤቱ ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶ «እህቴ፣ እኛ ትንንሽ ልጆች ነው የምንፈልገው» አለኝ። ገና ሠላሳ እንኳ አልሞላኝም እኮ! ፋብሪካ ሄድኩ፤ የሌሊት ፈረቃ ብቻ ነው ያለው አሉኝ። ሌሊት ሠርቼ ቀን ቢሮ ፋይል ላይ ልተኛ ነው? ልጅ ላስጠና ብዬ አንድ ትልቅ ግቢ ሄድኩ፤ እመቤቲቱ በእንግሊዝኛ አዋራችኝና አፌ ሲተሳሰር ጊዜ በሩን በትሕትና ዘጋችብኝ። በመጨረሻ ጎረቤቴ አስካለ «ሽንኩርት መክተፍ ካላስጠላሽ እኔ ጋ ነይ» አለችኝ። አስካለ ለእትዬ የሺ ትሠራ ነበር።

እትዬ የሺ የድግስ ሥራ ትቀበላለች። ሠርግ ይሁን፣ ክርስትና ይሁን፣ ተዝካር ይሁን፣ ጎላውንም ሴቶቹንም ይዛ ትመጣለች። ያኔ «እርስዎ» ነበር የምላት። ዛሬ ግን ምላሴ አይታዘዘኝምና ይቅር በሉኝ፣ «ናት» እያልኩ ልቀጥል።

ከቢሮ ስወጣ በቀጥታ ወደ ድግሱ ቤት ነበር። ሽንኩርት እንከትፋለን፣ ዶሮ እንበልታለን፣ ቁሌት ላይ ተራ እንቆማለን። እውነቱን ልናገር፣ ሥራውን ወደድኩት። ቀን «መዝገብ ቤቷ» እባላለሁ፣ ማታ ደግሞ «ባለሙያዋ»። እማዬ ያስተማረችኝ ሙያ ነው፣ ቁሌት እጄ ላይ አይበላሽም። ጥቂት ወራት ሳይሞላኝ እትዬ የሺ ዋናውን ጎላ ለእኔ መስጠት ጀመረች።

አንድ ሕግ ነበራት። ሥራ ስንጀምር ስልካችንን ሁላችንም ቦርሳዋ ውስጥ እንከታለን። አንዷ ስልኳን ስትነካካ አንድ ጎላ ቁሌት አሳርራባታለች፣ ከዚያ ወዲህ ነው። እኛም ልክ ነው ብለን ተቀበልን። አንገብጋቢ ነገር ሲደወል እሷ ራሷ ታነሣዋለች፣ ትነግረናለች። ለእማዬም ነግሬያት ነበር፤ «ሌላ ሰው ካነሣው እንዳትደነግጪ፣ አሠሪዬ ናት» ብዬ።

ጥር ነው። የሠርግ ወር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ነጋዴ ቤት ገባን፣ ልጁን እሁድ ሊድር ነው። ግቢው ሙሉ ዳስ ተጥሏል። የእትዬ የሺ ነባር ወጥ ሠሪ ታማ ቀርታለች፣ ስለዚህ የዶሮው ወጥ በሙሉ በእኔ ላይ ወደቀ። እትዬ የሺ ሁለት ጊዜ «ሙሉዬ፣ ስሜ በእጅሽ ነው» አለችኝ። እኔም እንደ ሞኝ ደረቴን ነፋሁ።

እናቴ ያን ቀን ቀትር ላይ ሞታ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ያኔ አላውቅም። ኋላ አስካለ ነገረችኝ፣ የቀረውን አጎቴ ነገረኝ። አመሻሽ ላይ ስልኬ እትዬ የሺ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ። የደወለው ጋሼ ተክሌ ነው፣ የእናቴ ወንድም። እትዬ የሺ አስካለ አጠገብ ቆማ አነሣችው።

«ሙሉ ሥራ ላይ ናት፣ እኔ አሠሪዋ ነኝ። ማን ልበል?»

«አጎቷ ነኝ፣ ከአንኮበር። እህቴ፣ እሷ አጠገብሽ አለች?»

«የለችም።»

«እናቷ አርፋለች። አደራሽን፣ እንዳትሰማ! በማታ እንዳትደነግጥብን። ‹እናትሽን ትንሽ ደከም ብሏቸዋል› በሏትና ነገ በጠዋት ከሰው ጋር አሳፍራችሁ ላኩልኝ። ቀብሩ ነገ ነው። አንድ ልጇ ናት፣ እሷ ሳትደርስ አንቀብርም።»

«ወይኔ! ነፍስ ይማር! በእኔ ይሁን ወንድሜ፣ እኔ ራሴ አደርሳታለሁ።»

ጋሼ ተክሌ ምን አጠፋ? ምንም። የአገሩን ወግ ነው ያደረገው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በማታ አይነገርም፣ ለብቻ አይነገርም። አጠገቧ ላለ ትልቅ ሰው አደራ ይሰጣል፣ ያ ሰው ምክንያት ፈጥሮ ያመጣታል። አያት ቅድመ አያቶቻችን እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። አደራ ተቀባዩ ጎላ ሙሉ ወጥ የሚያስጨንቀው ሰው ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

እትዬ የሺ ስልኩን ዘግታ ለአስካለ «ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ነገ ጠዋት እልካታለሁ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ቁሌቱን እያማሰልኩ ነበር፣ ጭሱ ዓይኔን አጥፍቶታል።

«የኔ ልጅ፣ ምሳ በልተሻል?» አለችኝ።

የኔ ልጅ! ሴትዮዋ ምን ነካት አልኩ በሆዴ። እትዬ የሺ አፏን የምትከፍተው «ጨው!» «ፍጠኚ!» ለማለት ብቻ ነበር። ሳህን አስመጥታ በእጇ አጎረሰችኝ። አንድ ጊዜ፣ ደግማ፣ ሠልሳ። ማርዳት የሚፈልጉት ሰው በባዶ ሆዱ እንዳይሰማ አስቀድሞ እህል ይቀምሳል፣ እሱም ባህል ነው። እኔ ምኑን አውቄ? «ዛሬስ ሙሽራዋ እኔ ነኝ መሰለኝ!» ብዬ ሳቅኩ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። አስካለ ብቻ ሽንኩርቷን ይዛ ዞረች። ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሳት ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ማታ ሁሌ ለእማዬ እደውላለሁ። እሷም ታውቃለች፣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ስለዚህ እጄን ታጥቤ «እትዬ፣ ስልኬን አንድ ጊዜ ቢሰጡኝ፣ እናቴን ሰላም ልበላት» አልኩ።

እዚህ ላይ «ባትሪው ሞቷል» ብትለኝ ይበቃት ነበር። «ኔትወርክ የለም» ማለትም ትችል ነበር። እሷ ግን ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«አሁን ደውለውልሽ ነበር እኮ! ሥራ ላይ ናት ስላቸው፣ ‹አታስቸግሪያት፣ ነገ ትደውልልኝ፣ ደህና ነኝ በያት› አሉኝ።»

«እውነት? ድምጿ እንዴት ነበር? ሳል አልነበራትም?»

«ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ምንም ሳል የለም።»

ደስ አለኝ። አምላኬን አመሰገንኩ። ሳሏ ለቀቃት ማለት ነው ብዬ ለአስካለ ጭምር ነገርኳት። አስካለም «እሰይ» አለችኝ፤ አፏ ደርቆ፣ ግን «እሰይ» አለችኝ። ኋላ ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «መርዶ ነጋሪ መሆን ፈራሁ፣ ክፉ አፍ ያላት እንዳልባል» አለች። ሰው እንዲህ ነው። ክፉ ላለመባል ክፉ ይሠራል።

እዚያው አድረን እሁድ ነጋ። እትዬ የሺ ጠዋት ልትልከኝ አስባ ነበር ይሆን? አንዳንዴ እንዲያ ብዬ ላምን እሞክራለሁ። ግን ማለዳ የሙሽራዋ እናት ጓዳ ገብታ ወጡን ቀመሰችና «ይህን የሠራችው ልጅ እስከ መጨረሻው ከጎላው አጠገብ እንዳትነሣ» አለች። አለቀ። ጋሼ ተክሌ ሲደውል እትዬ የሺ «ተሳፍራለች፣ መንገድ ላይ ናት» አለችው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር አንድ ሰዓት መንገድ ነው እኮ! ሚኒባሱ ከተፍ ይላል። እነሱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አስከሬን አስቀምጠው በመጣ መኪና ሁሉ አንገታቸውን ሲያሰግጉ፣ እኔ የዶሮ እግር እያማሰልኩ ነበር።

እኩለ ቀን አለፈ። ደግሞ ደወለ። ካህናቱ እየተጣደፉ ነው፣ ሰዉ በፀሐይ ቆሟል፣ ልጅቷ የት ደረሰች? መኪና ተበላሽቶ ይሆን? እዚህ ላይ እትዬ የሺ ተያዘች። ምን ልበል ብላ አሰበች መሰለኝ። ያለችውን ኋላ ጋሼ ተክሌ ቃል በቃል ነግሮኛል።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ነግሬያታለሁ። ‹ሥራዬን ሳልጨርስ አልሄድም፣ እናንተ ቅበሩ› ብላኛለች። ምን ላድርግ፣ የዛሬ ልጆች!»

ቀበሯት።

የሠርጉ ምሳ ሲያበቃ እንግዳው ሁሉ ስለ ወጡ ያወራ ነበር። ሙዚቃው ጋለ። የሙሽራዋ አጎቶች ጓዳ ገብተው «ወጥ ሠሪዋ ትውጣ! ትሸለም!» ብለው ጎተቱኝ። ጭልፋዬን ይዤ ወጣሁ። እትዬ የሺ ከኋላ እየገፋች «እልል በይ እንጂ!» ትለኛለች። እልል አልኩ። እስክስታ ወረድኩ። ብር ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ። ስልክ ያልያዘ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ይቀርፃል። ጊዜውን ኋላ አስተያየሁት፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ እናቴ ላይ አፈር ሲመለስ።

እሁድ ማታ ስልኬን ስትመልስልኝ ጠፍቶ ነበር። «ባትሪው አልቋል፣ ደክሞሻል፣ ተኚ» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ቻርጅ ላይ እንኳ ሳልሰካው ከነልብሴ ወደቅሁ።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኳ። ስከፍት የቤት አከራዬ እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ሁለት የእድር ሽማግሌዎች፣ አስካለ፣ ደግሞም እትዬ የሺ። ጥቁር ለብሳለች። ይህ ሰዓት፣ ይህ አለባበስ ምን ማለት እንደሆነ ለአበሻ አይነገርም። የሰው ልጅ ግን ራሱ ላይ ይመጣል ብሎ አያስብም። የእማማ ዘነቡ ልጅ ዓረብ አገር ናት፣ ወሬዋ ከጠፋ ሰንብቷል። ወይኔ፣ ልጃቸው! አልኩ። ሊያረዷቸው እኔን ረዳት ብለው ቀሰቀሱኝ መሰለኝ። ዘልዬ እማማ ዘነቡን በሁለት እጄ አቀፍኳቸው። «አይዞዎት እማማ፣ አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ያውቃል» እያልኩ እደግፋቸዋለሁ።

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማንም እማማ ዘነቡን አያይም። ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። እማማ ዘነቡ ጆሮዬ ሥር «ልጄ፣ እኔ አይደለሁም» አሉኝ።

የዚያን ጊዜ ጩኸቴን ጎረቤቱ ሁሉ ያስታውሰዋል፣ እኔ አላስታውሰውም። የማስታውሰው «መቼ?» ማለቴን ነው። «መቼ ነው የሞተችው?» ሽማግሌው «ቅዳሜ» አሉ። «ቀብሩስ? ቀብሩስ?!» እትዬ የሺ ናት የመለሰችልኝ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «ተፈጽሟል የኔ ልጅ። ነፍስ ይማር በይ።» ቅዳሜ ማታ ጥርት ያለ ድምፅ ሰማሁ ያለችኝ አፍ ነው ይህን ያለኝ።

ያን ሰዓት ልጣላት አቅም አልነበረኝም። እትዬ የሺ ቀርታ ሌሎቹ በሚኒባስ ይዘውኝ ወጡ። አንኮበር ስደርስ ከመኪናው ወርጄ እየጮኽኩ ወደ ድንኳኑ ስሮጥ፣ እንደ ወጉ የሚያቅፈኝ፣ አብሮኝ የሚጮኽ ሰው ጠበቅሁ። ለቅሶኛው መንገድ ከፈተልኝ እንጂ ማንም አልተነሣም። የአክስቴ ልጆች መሬት መሬት ያያሉ። ጋሼ ተክሌ ከወንበሩ ሳይነሣ ተናገረኝ።

«ሠርጉ እንዴት ነበር?»

«ጋሼ፣ አልነገሩኝም! በእናቴ ነፍስ፣ በሞተችው፣ አልነገሩኝም!»

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ፊቴ ላይ ደገነው። እኔው ነኝ። ጭልፋ ይዤ፣ ግንባሬ ላይ ብር ተለጥፎ፣ ጥርሴ እስኪታይ እየሳቅሁ። ከሠርገኞቹ አንዷ ለቃው በአንድ ሌሊት አንኮበር ደርሷል። እኔ በሁለት ቀን ያልደረስኩበት ቦታ ቪዲዮዬ ቀድሞኝ ደረሰ።

«እስከ መጨረሻው በር በሩን ስታይ ነበር» አለኝ ጋሼ ተክሌ። «ከሞተችም በኋላ እኛ መንገድ መንገዱን ስናይ ዋልን። ተይ፣ አሁን አታልቅሺ። ማንም አላስገደደሽም።»

በሣልስቱ እትዬ የሺ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ባዶ እጇን አልመጣችም፤ እንጀራና ወጥ በሰፌድና በድስት አሸክማ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉ አስበልጣ አለቀሰች፣ ደረቷን መታች። ሴቶቹ «እንዴት ያለች ደግ አሠሪ ናት!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ሐዘንተኛ እህል ካልቀመሰ ብለው ካመጣችው ወጥ አጎረሱኝ። ስጎርሰው አወቅሁት። ወጡ የእኔ ነው። ከሠርጉ የተረፈ፣ በእጄ የሠራሁት ዶሮ ነው። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ።

ተነሥቼ ቆምኩና በሰው ሁሉ ፊት ጠየቅኋት። «እትዬ የሺ፣ ቅዳሜ ማታ እናቴ ስትደውልልሽ ድምጿ እንዴት ነበር? እስቲ ለእነዚህም ንገሪያቸው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አልኳት። ፊቷ ላይ ደም የቀረ አልመሰለኝም። ግን ቶሎ ነቃች። ራሷን ነቀነቀችና አጠገቧ ላሉት «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቷል፣ ልጅቱ መቃዠት ጀምራለች» አለች። ከወንዶቹ በኩል አንድ ሽማግሌ «ተይ ልጄ፣ ለቅሶ የደረሰን ሰው አይናገሩም፣ ነውር ነው!» ብለው ገሠጹኝ። ጎትተው አስቀመጡኝ። ጋሼ ተክሌ እሷንም እኔንም ተራ በተራ ሲያይ አየሁት። የገባው መሰለኝ። አንድ ቃል ቢናገር! አልተናገረም። በድንኳን ውስጥ እንግዳ ማሳፈር አይሆንለትም።

ስትወጣ በሩ ላይ ደረስኩባት። ሌላ ሰው የለም። «ለምን?» አልኳት።

«ጎላውን ማን ይጨርስልኝ ነበር?» አለችኝ። ሳትጮኽ፣ ሳትቆጣ፣ ዋጋ እንደምትናገር ሴት። «እናትሽ እንደሆኑ አንዴ ሞተዋል። ብትሄጂ ታስነሻቸው ነበር?»

እስከ ዛሬ መልስ እፈልግላታለሁ። አላስነሣትም ነበር፣ እውነቷን ነው። አፈር ግን አለብሳት ነበር። «እማዬ፣ ይኸው መጣሁ» እላት ነበር። በር በሩን ያየች እናት ልጇ መጥታ ብትቀብራት ምን ይጎዳል? አስካለ ቆይታ ለጋሼ ተክሌ ሁሉን ነገረችው። ሰላም ይለኛል፣ በዓል ሲመጣ ይጠራኛል። ዓይኔን ግን ቀና ብሎ አያይም፣ እኔም አላየውም። እትዬ የሺ ዛሬም ትደግሳለች። ደጅዋ ሰው አይጠፋም፣ ሙያዋም ይወደሳል። የማታ ሥራ ተውኩ፣ የሁለት ክፍል ቤት ለማን ልከራይ?

አሁን እናንተን ላዋራችሁ። ይህን የምታነቡ፣ አንድ ቀን ስልክ ይደወልላችኋል፤ «አጠገብሽ አለች? አደራሽን እንዳትሰማ» ይላችኋል። ለእኔ ባለፈው ዓመት ተደውሎልኛል። ቢሮ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ሰላም የምትባል ልጅ አለች፣ የዋህ፣ ሣቂታ። ወንድሟ ከአገሯ፣ ከለሚ ደወለ። አባታቸው ሌሊት አርፈዋል፣ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። «እህቴ፣ አደራ፣ አሟቸዋል ብላችሁ አሳፍሯት፣ ስትደርስ እኛ እናረዳታለን» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። ከዚያ ሰላምን ከወንበሯ አስነሥቼ ኮሪደር አወጣኋት። አላጎረስኳት፣ ሽማግሌ አልጠራሁ፣ ጎህ አልጠበቅሁ። ቆማ ሳለች «አባትሽ ሞተዋል፣ ቀብሩ ዛሬ ነው፣ አሁን ተነሺ» አልኳት።

ሲሚንቶው ላይ ወደቀች፣ ግንባሯ ተፈነከተ። ቢሮው ሁሉ ተንጋግቶ ወጣ። «አውሬ ነሽ!» አሉኝ። «ምን ዓይነት አረመኔ ናት!» አሉኝ። አለቃችን ሳይቀር ሰደቡኝ። እኔ ግንባሯን በነጠላዬ አሥሬ፣ እየጎተትኩ መኪና ላይ አወጣኋት።

ከለሚ ከተመለሰች ወዲህ ጠረጴዛዋን ከእኔ አርቃለች። ሰላም አትለኝም፣ እኔ ያለሁበት ሻይ እንኳ አትጠጣም። ለሌሎቹ «መርዶዬን እንደ ውሻ ወረወረችልኝ» እንደምትል ሰምቻለሁ። እውነቷን ነው፣ አልፈርድባትም።

አባቷን ግን ቀብራለች።